የአማርኛ የሰው ስም አወጣጥ

የአማርኛ የሰው ስም አወጣጥ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ለሚወለድላቸው ልጅ የተጸውዖ ስም የሚመርጡበት ልማድ ነው። ነባሩ የአማርኛ ስም በአብዛኛው በዕለት ተዕለት ንግግር የሚታወቅ ቃል ወይም አጭር ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ሰሚው ትርጉሙን ወዲያው ይረዳል። በዚህም ምክንያት ስሙ ከልጁ ይልቅ ልጁ ሲወለድ ወላጆቹ ስለነበሩበት ሁኔታ ይናገራል። ሐዘናቸው፣ ምኞታቸው፣ ምስጋናቸው ወይም ከጎረቤት ጋር የነበራቸው ፉክክር በስሙ ውስጥ ይቀመጣል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን በተለይ በከተሞች የወላጆች ምርጫ ለጆሮ ወደሚጥሙ አጫጭር ስሞችና ወደ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ስሞች አዘንብሏል።

የስም አደረጃጀት

በኢትዮጵያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም በልማድ የለም። የአንድ ሰው ሙሉ ስም የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም እና የአያቱ ስም በተከታታይ የሚነበቡበት ነው። ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያየ የአባት ስም ይኖራቸዋል። የአክብሮት መጠሪያም ከራስ ስም ጋር እንጂ ከአባት ስም ጋር አይሄድም። በ1952 ዓ.ም. በሮም የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በውጭ ጋዜጦች «ቢቂላ» ሲባል፣ በአገሩ ሰዎች አንደበት ግን ምንጊዜም «አበበ» ነው።

ይህ አደረጃጀት በስም ምርጫው ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። ለአንድ ወንድ ልጅ የወጣ ስም በመጀመሪያ የራሱ መጠሪያ፣ ቀጥሎ የልጆቹ ሁለተኛ ስም፣ ከዚያም የልጅ ልጆቹ ሦስተኛ ስም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከመዝገብ ይወጣል። የሴት ልጅ ስም ግን በልጆቿ ስም ውስጥ ስለማይገባ ከእርሷ ጋር ያበቃል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሆኖም ድንጋጌው በተግባር ልማዱን አልለወጠውም። ዛሬ የልደት ምዝገባ የሚካሄደው የወሳኝ ኩነት ምዝገባንና የብሔራዊ መታወቂያን በሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሲሆን፣ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ይጠበቃል።

ስም አውጪዎች እና ጊዜው

ስም የማውጣት መብት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። አባት፣ እናት፣ አያቶች፣ አክስትና አጎት፣ አንዳንድ ጊዜም ታላላቅ ወንድምና እህት ስም ያወጣሉ። ስለዚህ አንድ ልጅ በአባቱ ቤት በአንድ ስም፣ በእናቱ ዘመዶች ዘንድ በሌላ ስም ሊጠራ ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ጸንቶ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ልጁ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ነበር። የልደት ምዝገባ ከተስፋፋ በኋላ ግን ውሳኔው ወደ መጀመሪያዎቹ ወራት መጥቷል።

ስሙ እስኪወጣ ድረስ ሕፃኑ ማሙሽ፣ ማሞ፣ አቡሽ ወይም ሚሚ፣ ማሚቱ እየተባለ ይጠራል። እነዚህ መጠሪያዎች አንዳንድ ጊዜ እዚያው ጸንተው የዘለቄታ ስም ይሆናሉ። ማሞ እና ማሚቱ ለብዙ ዘመን የታወቁ የአዋቂ ስሞች የሆኑት በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ስም ከሚነገሩት ምሳሌያዊ አባባሎች ሁለቱ በሰፊው ይታወቃሉ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ስሙ ከባለቤቱ ጠባይ ወይም ዕጣ ጋር ሲገጥም ይነገራል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ደግሞ ሰው ካለፈ በኋላ የሚቀረውን ዝና ያመለክታል።

የስሞች ሰዋስው

የአማርኛ ስም የሚመሠረተው በተለመደው የቋንቋው ሰዋስው ነው። ስለዚህ ስሙን ሲመረምሩ ተናጋሪው ማን እንደሆነና ለማን እንደተናገረ መለየት ይቻላል።

በሦስተኛ መደብ ያሉ ስሞች ስለ ልጁ ወይም ስለ ሁኔታው ይናገራሉ። አበበ፣ በቀለ፣ ታደሰ፣ ደረጀ፣ ከበደ፣ ተሾመ የዚህ ዓይነት ናቸው። ለሴት ሲሆኑ ግሡ ይለወጣል፦ አበበች፣ ከበደች፣ ታደለች። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ተዋበች አሊም ስሟ ከዚሁ ወገን ነው።

በአንደኛ መደብ ያሉ ስሞች የወላጅ ቃል ናቸው። ዓለማየሁ «ዓለም አየሁ» ማለት ነው። እዚህ ላይ «ዓለም» ደስታንና የኑሮ ተድላን ያመለክታል። ስንታየሁ እና ብዙአየሁ ደግሞ በመከራ ውስጥ ያለፈ ወላጅ የሚናገራቸው ይመስላሉ። ተስፋዬ፣ ምትኬ እና የኔነሽም በወላጅ አንደበት የተነገሩ ናቸው።

በሁለተኛ መደብ ያሉት ልጁን ያነጋግራሉ። ወርቅነህ፣ አንተነህ፣ ጥሩነሽ፣ ዓለምነሽ፣ እልፍነሽ ልጁ ወይም ልጅቱ ምን እንደሆኑ ይነግራሉ። ጥላሁን («ጥላ ሁን») እና ካሳሁን («ካሳ ሁን») ደግሞ ለልጁ ኃላፊነት ይሰጣሉ። ናደው፣ ዳምጠው፣ በላቸው የመሳሰሉት ልጁን በጠላት ላይ የሚያዝዙ ትእዛዞች ናቸው። ተመስገን ግን ልጁን ሳይሆን ፈጣሪን ያነጋግራል።

በጥያቄ መልክ የተሠሩ ስሞችም አሉ። ማንያዘዋል፣ ማንደፍሮ እና ምንተስኖት መልስ የማይጠብቁ ጥያቄዎች ናቸው። ማንደፍሮ እና ማንጠግቦሽ («ማን ጠግቦሽ») ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ያቆማሉ፤ ቀሪውን የሚሞላው ሰሚው ነው።

አንዳንድ ስም ያለ ለውጥ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ደስታ፣ ስንታየሁ፣ ነጻነት፣ ፀሐይ እና አዲስ ከእነዚህ መካከል ናቸው። እንዲህ ያለ ስም ሲሰማ ባለቤቱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑ ከአውዱ ካልሆነ አይታወቅም።

በስም የሚነገሩ ጉዳዮች

ምትክ እና ማጽናኛ። ቀድሞ የተወለደ ልጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ከሞተ በኋላ ለሚወለድ ልጅ የሚወጡ ስሞች ከሁሉም ይበልጥ ግልጽ ናቸው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ ከዚህ ወገን ናቸው። እንዲህ ያለ ስም የተሸከመ ሰው ያላየውን የወንድሙን ወይም የእህቱን ሞት ዕድሜ ልኩን ሲያስታውስ ይኖራል። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ ነበር።

ፀጋ እና ውድነት። ወርቁ፣ አልማዝ፣ ብርቄ፣ ሙሉወርቅ የከበረ ነገርን ይጠቅሳሉ። በቁጥር የሚያወድሱም አሉ፦ የሺእመቤት የሺህ ሰው እመቤት ማለት ስትሆን፣ እልፍነሽ ደግሞ ልጅቱን አንድ ብትሆንም ከአሥር ሺህ ጋር ያስተካክላታል። ጣይቱ «ፀሐይቱ»፣ ዘውዲቱ ደግሞ «ዘውድ» ከሚለው የመጡ ናቸው።

ጊዜ እና ወቅት። ፋሲካ፣ ትንሣኤ እና ልደቱ በበዓል ሰሞን፣ ዘነበ እና ዘነበች በዝናብ ቀን ወይም በክረምት፣ አዝመራው በመኸር ጊዜ መወለድን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ዘገየ ብዙ ተጠብቆ ለመጣ ልጅ ይስማማል።

ኃይል እና ፉክክር። ሽፈራው («ሺ ፈራው»)፣ ጌታቸው፣ ኩራባቸው የመሳሰሉት ስሞች ስማቸው ያልተጠራ ሌሎች ሰዎችን ያስባሉ። «ጌታቸው» ሲባል እነርሱ እነማን እንደሆኑ የሚያውቁት ስም አውጪው እና በጊዜው የነበሩ ጎረቤቶች ብቻ ናቸው።

የአገር ሁኔታ። ትላልቅ የታሪክ ለውጦችም በስም ላይ አሻራ ትተዋል። በ1966 ዓ.ም. ከፈነዳው አብዮት በኋላ አብዮት የሰው ስም ሆኗል። ነጻነት፣ አንድነት፣ ሰላማዊት እና ኢትዮጵያም ከግል ቤት አልፈው የአገርን ጉዳይ የሚያነሡ ስሞች ናቸው።

ከአባት ስም ጋር ማጋጠም

የራስ ስምና የአባት ስም ተከታትለው ስለሚነበቡ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ትርጉም እንዲሰጡ ማድረግ በአማርኛ ስም አወጣጥ የተወደደ ጥበብ ነው። የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ስማቸው ሲነበብ «ሐዲስ ዓለም አየሁ» ይላል። የባለቅኔውና የተውኔት ጸሐፊው የመንግሥቱ ለማ ስም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። የአባታቸው የአለቃ ለማ ኃይሉ ስምም እንዲሁ ይነበባል። በፍቅር እስከ መቃብር የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ትባላለች፤ ይህም ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ልማዱን ለገጸ ባሕርያት ስም እንደሚጠቀሙበት ያሳያል።

ይህ ጥበብ ወላጅን ይገድባል። «ለማ»፣ «ነጋ»፣ «ይበልጣል» የተባለ አባት ለልጁ ብዙ የሚገጥም ስም ያገኛል። ትርጉሙ የማይቀጥል የአባት ስም ያለው ግን ለራሱ የሚቆም ስም ይመርጣል። አንዳንድ ጊዜም ሳይታሰብ መጥፎ ወይም አስቂኝ ትርጉም ይወጣል፤ ስለዚህ ስሙ ከመጽናቱ በፊት ከአባትና ከአያት ስም ጋር ጮክ ብሎ ማንበብ የተለመደ ነው።

የክርስትና ስም እና እስላማዊ ስሞች

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ፤ በዚያን ጊዜም የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል። ይህ ስም ብዙውን ጊዜ በግዕዝ ሲሆን፣ ለወንድ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ለሴት ወለተ፣ አመተ በሚሉ ቃላት ይጀምርና የቅዱስ ወይም የመልአክ ስም፣ ወይም ሥላሴ የሚለው ቃል ይከተለዋል። ገብረ ማርያም ወይም ወለተ ሚካኤል አንድ ስም እንጂ ሁለት ስም አይደለም። የክርስትና ስም በጸሎት፣ በንስሐ እና በፍትሐት የሚጠራ ሲሆን በየዕለቱ ኑሮ ብዙ አይነገርም። አንዳንዶች ጠላት መተት እንዳያደርግበት በማለት ይደብቁታል።

አንዳንድ ጊዜ ግን የክርስትና ስም ወደ አደባባይ ይወጣል። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የክርስትና ስማቸውን ወስደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። በጃማይካ የተነሣው የራስ ተፈሪያን እንቅስቃሴ መጠሪያውን ያገኘው ግን ከንግሥና ስማቸው ሳይሆን ቤተሰብ ካወጣላቸው ስም ነው። የዳግማዊ ምኒልክ የክርስትና ስም ሣህለ ማርያም፣ የንግሥት ዘውዲቱ ደግሞ አስካለ ማርያም ነበር።

አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች እንደ መሐመድ፣ አሕመድ፣ ሰይድ፣ ፋጡማ፣ ዘይነባ እና ከድጃ ያሉ ከዐረብኛ የመጡ ስሞችን ያወጣሉ። ብዙዎች ስሙን በሰባተኛው ቀን ከሚደረገው ከዐቂቃ ጋር ያያይዙታል። በተለይ በወሎ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ስለሚገኙ የራስ ስሙ አማርኛ፣ የአባቱ ስም ዐረብኛ የሆነ ወይም የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሰው ማግኘት አያስገርምም። ንጉሥ ሚካኤል ዘወሎም ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር።

የቁልምጫ እና የቤት ስም

ረዥም ስም በቤትና በጓደኞች መካከል ያጥራል። ታደሰ ታዴ፣ ሙሉጌታ ሙሌ፣ ጌታቸው ጌች፣ ቴዎድሮስ ቴዲ፣ አልማዝ አልሚ ይባላሉ። የቁልምጫ ስም በአደባባይም ሊጸና ይችላል፤ ድምፃዊው ቴዎድሮስ ካሳሁን የሚታወቀው ቴዲ አፍሮ በሚለው ስም ነው። በአንዳንድ የገጠር አካባቢዎች ደግሞ አማት ለአዲስ ሙሽራ አዲስ ስም የምታወጣበት ልማድ ነበር፤ ሙሽራዋም በባሏ ቤት በዚያ ስም ትጠራ ነበር።

የምርጫ ለውጥ

በከተሞች ዓረፍተ ነገር የሆኑ ስሞች ለአዲስ ልጆች የሚወጡት ከቀድሞው ባነሰ ሁኔታ ነው። ማሞ፣ አያሌው፣ እልፍነሽ ወይም ማንጠግቦሽ ለብዙ ወጣት ወላጆች የአያት ስም ሆነው ይሰማሉ። በምትካቸው ሦስት ዓይነት ስሞች ተስፋፍተዋል። የመጀመሪያዎቹ ናሆም፣ ናታን፣ ኪሩቤል፣ ሩት፣ ቢታንያ፣ ኤፍራታን የመሳሰሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ ስሞች ናቸው። ሁለተኛዎቹ እንደ ብሌን፣ ሕሊና፣ ቃልኪዳን፣ በረከት ያሉ ነጠላ የአማርኛና የግዕዝ ቃላት ናቸው። ሦስተኛዎቹ ለድምፃቸው የተመረጡ አዳዲስ ስሞች ናቸው።

የለውጡ ምክንያት አንድ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋት እና ከውጭው ዓለም ጋር ያለው ግንኙነት ድርሻ አላቸው። ሌላው ምክንያት በኢትዮጵያ ስም የብሔርና የሃይማኖት ምልክት ሆኖ መነበቡ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ስም በልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ዘንድ የጋራ ስለሆነ፣ ልጃቸው በስሙ ብቻ እንዳይፈረጅ የሚሹ ወላጆች ይመርጡታል። በተቃራኒው፣ ቀድሞ በትምህርት ቤት ወይም በጥምቀት ጊዜ የአማርኛ ስም የተሰጣቸው የሌሎች ብሔረሰቦች ተወላጆች ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በየራሳቸው ቋንቋ ስም ማውጣት በጉልህ ተጠናክሯል።

ከአዲሱ ፋሽን ጋር አንድ ችግር መጥቷል። ነባሩ ስም ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ ሲሆን፣ ለአዳዲስ ስሞች የሚሰጠው ትርጉም ግን ብዙ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው በወሬ የሚተላለፍ ነው። የአንድን ስም ፍቺ ለማረጋገጥ ለግዕዝ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ (1948 ዓ.ም.)፣ ለአማርኛ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ይጠቅማሉ።

አጻጻፍ

በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአነባበብ አንድ ስለሆኑ አንድ ስም በብዙ መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ኃይሉ «ሀይሉ»፣ ዓለሙ «አለሙ»፣ ፀሐይ «ጸሀይ» ተብለው ይገኛሉ። አንዳንድ ቤተሰብ የግዕዙን ሥርዓት ይጠብቃል፤ ሌላው መዝገብ ጸሐፊው እንደጻፈው ይተወዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ ይበዛል፤ ከአንድ አባት የተወለዱ ወንድማማቾች በፓስፖርታቸው ላይ የአባታቸው ስም በተለያየ ፊደል ሊሰፍር ይችላል። ይህም ዝምድናን በሰነድ ማስረዳት በሚያስፈልግበት ጊዜ ችግር ይፈጥራል።

በውጭ አገር

ከኢትዮጵያ ውጭ የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጠራል። በካናዳ የተወለደው ድምፃዊ አቤል መኮንን ተስፋዬ ሦስቱን ስሞች በአማርኛው ቅደም ተከተል ቢይዝም በዓለም ዘንድ «ተስፋዬ» የቤተሰቡ ስም ነው። በዚህ አሠራር የአንድ ሰው ስም ከሦስት ትውልድ በኋላ ከመዝገብ መውጣቱ ቀርቶ በዘር ይቀጥላል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወላጆች እንደ ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጸ ያሉ ድምፆች ለውጭ ሰው እንደሚከብዱ ያውቃሉ። ስለዚህ ብዙዎች እንደ ሊያ፣ ሳራ፣ ናታን ያለ በሁለቱም ቋንቋ የሚጠራ ስም ይመርጣሉ። ሌሎች ደግሞ ልጁ ከየት እንደመጣ እንዳይረሳ ሆን ብለው ግልጽ የአማርኛ ስም ያወጣሉ።

በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ እና በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ለገቡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ጉዳዩ ከምርጫ በላይ ነበር። ለብዙዎቹ፣ በተለይ ለልጆች፣ እንደ ደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ ወደ አማርኛ ስማቸው ተመልሰዋል። ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ከሄዱ ክርስቲያን ሴቶች መካከልም በጉዞ ሰነዳቸው ላይ የሙስሊም ስም ያስጻፉ አሉ። በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆችም አዲስ ስም ይይዛሉ። በስዊድን ያደገው የምግብ ባለሙያ ማርከስ ሳሙኤልሰን ኢትዮጵያ ውስጥ ሲወለድ ስሙ ካሳሁን ነበር።

ስም መቀየር

በኢትዮጵያ የተመዘገበን ስም መለወጥ የሚፈልግ ሰው ለፍርድ ቤት ያመለክታል። ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን መርምሮ ሲፈቅድ አዲሱ ስም በሰነዶች ላይ ይሰፍራል። ይሁን እንጂ የትምህርት ማስረጃ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የንብረት ሰነድ እና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት በቀድሞው ስም ተሠርተው ስለሚቆዩ ለውጡ አድካሚ ነው። በዚህ ምክንያት ስማቸውን የማይወዱ ብዙ ሰዎች በሰነድ ላይ የወላጆቻቸውን ምርጫ እንደያዙ ይቆዩና በየዕለቱ ኑሯቸው ራሳቸው በመረጡት የቤት ስም ይጠራሉ።